በሳህን ላይ የተቆረጠ ክር፡- የአክቲን ቆራጭ ፕሮቲኖች ምርምር ሲገመገም

የሕክምና ተማሪ ስለ ሕዋስ ሲማር በቅድሚያ የሚተዋወቀው ከኒውክሊየሱ፣ ከማይቶኮንድሪያውና ከሽፋኑ ጋር ነው። ሕዋሱ ቅርጹን ጠብቆ እንዲቆም፣ ሲያስፈልገውም ቅርጹን ለውጦ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው የሕዋስ አጽም፣ ማለትም ሳይቶስኬሌተን፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት አንቀጾች ይታለፋል። ይሁንና የሚፈስ ደም እንዲቆም፣ ኒውትሮፊል ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ተበከለው ሥፍራ እንዲደርስ፣ የቆሰለ ቆዳም እንዲገጥም ይህ አጽም በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በሰከንዶች ውስጥ ፈርሶ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። በዚህ የማፍረስና የመሥራት ሒደት ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው መካከል የአክቲንን ክር የሚቆርጡ ፕሮቲኖች ይገኙበታል።

ስለ እነዚህ ፕሮቲኖች የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ከሚያድጉ ሕዋሳት ነው። ምርምሩ ብዙ ፍሬ አፍርቷል። የሳህኑ ሕዋስ የሰጠው መልስ ግን አንዳንድ ጊዜ ከተጠየቀው ጥያቄ የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በዚህ መስክ የተሠሩ ዋና ዋና ሙከራዎች በእርግጥ ምን እንዳረጋገጡ፣ ምንስ እንዳላረጋገጡ ነው። ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ አይደለም። በሳህን ላይ በተገኘ ውጤት ተመርኩዞ ስለ ሕመምተኛ የሚነገር ተስፋ በየጊዜው ለጤና ባለሙያው ይደርሳልና።

ስሙና ተግባሩ

አክቲን በአብዛኞቹ የሰው ሕዋሳት ውስጥ በብዛት ከሚገኙ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት 42,000 ዳልተን ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ ተያይዘው 7 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ። የክሩ ሁለት ጫፎች እኩል አይደሉም። አንደኛው ጫፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሌላኛው ግን በዝግታ የሚያድግና በአብዛኛው የሚፈታ ነው። ክሩ በማንኛውም ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው በተለይ ፈጥኖ የሚያድገው ጫፍ ክፍት መሆን አለመሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሄለን ዪን እና ቶማስ ስቶሰል በጥንቸል ሳንባ ማክሮፋጅ ውስጥ አንድ በካልሲየም የሚታዘዝ ፕሮቲን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ፕሮቲኑ እንደ እርጎ የረጋውን የአክቲን መረብ ወደ ፈሳሽነት ስለሚለውጥ፣ የረጋውን ከሚያመለክተው "ጄል" እና ፈሳሹን ከሚያመለክተው "ሶል" ከተሰኙ ቃላት ጄልሶሊን የሚል ስም ተሰጠው። ኮፊሊን የተባለው ሌላው ቆራጭ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1984 ከአሳማ አንጎል ተለይቶ ወጣ።

ጄልሶሊን ስድስት ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉት ፕሮቲን ነው። በዕረፍት ላይ ባለ ሕዋስ ውስጥ ነፃው ካልሲየም 0.1 ማይክሮሞላር ገደማ በመሆኑ እነዚህ ክፍሎች ተጣጥፈው ይቆያሉ። ካልሲየሙ ወደ ማይክሮሞላር ደረጃ ከፍ ሲል ፕሮቲኑ ተዘርግቶ ክሩን ይይዛል፤ ይቆርጠዋልም። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ከቆረጠ በኋላ ፈጥኖ በሚያድገው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ክዳን ይዘጋዋል። ፒአይፒ-2 የተባለው የሕዋስ ሽፋን ቅባት የጄልሶሊንን የመቁረጥ ተግባር እንደሚገታ እ.ኤ.አ. በ1987 ታውቋል። ይኸው ቅባት ክዳኑን ከጫፉ የማንሣት ችሎታም አለው።

የመጀመሪያው ሒስ የሚነሣው ከዚህ ነው። "ቆራጭ" የሚለው መጠሪያ ከፕሮቲኑ ሦስት ተግባራት፣ ማለትም ከመቁረጥ፣ ከመክደንና አዲስ ክር ከማስጀመር፣ አንዱን ብቻ ያነሣል። ስሙ የተገኘው በሙከራ ቱቦ ውስጥ ካልሲየም እንደ ልብ በሚገኝበት ሁኔታ ከታየው ውጤት ነው። ስሙን ብቻ የሰማ አንባቢ ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር የሕዋሱ አጽም ይፈርሳል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በሕያው ሕዋስ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ያሳዩት ግን ይህንን አይደለም።

የ1987ቱ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ኩፐርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። ተመራማሪዎቹ ሙሉ ጄልሶሊንን በረቂቅ መርፌ በሕያዋን ፋይብሮብላስቶችና ማክሮፋጆች ውስጥ ጨመሩ። ምንም ለውጥ አልታየም። የሕዋሳቱ ቅርጽ፣ የአክቲኑ አቀማመጥ፣ የጠርዛቸው መርገብገብና ግፊትን የመቋቋም አቅማቸው እንደነበረ ቆየ። ቀጥሎም የፕሮቲኑን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ጨመሩ። ይህ ግማሽ ሥራ ለመጀመር ካልሲየም አያስፈልገውም። በዚህ ጊዜ ሕዋሳቱ ድቡልቡል ሆኑ፤ ጠርዛቸው መርገብገቡን አቆመ፤ አካላቸው ለሰለሰ፤ ስትረስ ፋይበር የሚባሉት ወፋፍራም የክር ጥቅሎችም ጠፉ።

የዚህ ጥናት ትልቁ ዋጋ ባዶውን ውጤት ሳይደብቅ በግንባር ማቅረቡ ነው። በቱቦ ውስጥ ኃይለኛ የሆነ ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ ዝም ሊል እንደሚችል አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የሕዋሱን ካልሲየም ከፍ አድርገው የተወጋውን ጄልሶሊን ለማንቃት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ጭማሪው አነስተኛ ወይም አላፊ ስለነበረ በቂ ላይሆን እንደሚችል ጽፈዋል፤ ፕሮቲኑን የሚገታ ሌላ ሞለኪውል ሊኖር እንደሚችልም አልካዱም።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ሙሉው ፕሮቲን ዝም ማለቱ ሕዋሱ በዕረፍት ላይ ሳለ ስለሚሆነው ነገር እንጂ፣ ቁስል ወይም የመድማት አደጋ ሲገጥመው ስለሚያደርገው ነገር አይናገርም። ግማሹ ያስከተለው ጥፋት ደግሞ በሰው እጅ የተሠራ ቁራጭ ውጤት በመሆኑ የተፈጥሮን አሠራር ያሳያል ለማለት በወቅቱ ማስረጃ አልነበረም። የመጨረሻው ነጥብ ከ10 ዓመት በኋላ ያልተጠበቀ መልስ አግኝቷል።

መቁረጥ ማብዛት ሲሆን

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። በዕለት ተዕለት ሕይወት መቁረጥ ማሳጠር ነው። በአክቲን ዘንድ ግን አንድ ክር ለሁለት ሲቆረጥ ሊያድጉ የሚችሉ ጫፎች ቁጥርም ይጨምራል። ክዳኑ ከተነሣላቸው እያንዳንዳቸው አዲስ ክር ይዘረጋሉ። ስለሆነም መቁረጥ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው የማፍረስም የማብዛትም ሥራ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ካኒንግሃም፣ ስቶሰልና ክዊያትኮውስኪ ይህንን በተግባር አሳዩ። ተጨማሪ ዘረ መል በማስገባት የአይጥ ፋይብሮብላስቶች የጄልሶሊን መጠን እስከ 125 በመቶ እንዲጨምር አደረጉ። ሕዋሳቱ አልፈራረሱም፤ ፈጠኑ እንጂ። ጄልሶሊኑ በጨመረ መጠን ሕዋሳቱ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አልፈው ወደ ሴረም የሚሄዱበት ፍጥነት ጨመረ። በሳህኑ ላይ በተጫረው ክፍተት፣ የቤተ ሙከራ ሰዎች "ቁስል" በሚሉት፣ ላይም የመግጠሙ ፍጥነት እንዲሁ ጨመረ። ጥናቱን ጠንካራ የሚያደርገው መጠንና ውጤት እኩል እየተራመዱ መሄዳቸው ነው። ነገር ግን ከተለመደው በላይ የሆነ ፕሮቲን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሳየት፣ የተለመደው መጠን ምን እንደሚያደርግ ከማሳየት ጋር አንድ አይደለም። ለዚህ ተቃራኒው ሙከራ ያስፈልግ ነበር።

ተቃራኒው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1995 በዊትከና ባልደረቦቹ ቀረበ። ጄልሶሊን እንዲጎድላቸው የተደረጉት አይጦች በጤና ተወለዱ፤ ዕድሜያቸውም አላጠረም። ሕዋስን በመሠረቱ ያቆማል ተብሎ ለተገመተ ፕሮቲን ይህ አስገራሚ ውጤት ነበር። ጉዳቱ የታየው አደጋ ሲመጣ ነው። የፕላትሌቶቻቸው የቅርጽ ለውጥ በመቀነሱ የደም መፍሰሻ ጊዜያቸው ረዘመ። ኒውትሮፊሎቻቸው ወደ ብግነት ሥፍራ ለመድረስ ዘገዩ። ከቆዳቸው የተወሰዱት ፋይብሮብላስቶች ከመጠን ያለፈ ስትረስ ፋይበር የያዙ፣ በእንቅስቃሴ የዘገዩ፣ ለመኮማተር ግን የበረቱ ሆነው ተገኙ። ይኸው ጥናት በመጀመሪያዎቹ የሽል ሕዋሳት ውስጥ ጄልሶሊንም ሆነ ተመሳሳይ የመቁረጥ ችሎታ ያላቸው ፕሮቲኖች እንደማይገኙ ገልጿል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሐኪም ቅርብ ነው። ጄልሶሊን ለመኖር ሳይሆን ለመፍጠን የሚያስፈልግ ፕሮቲን ነው። ጉድለቱም በዕረፍት ላይ ባለ እንስሳ ሳይሆን በሚደማ፣ በሚበከል ወይም በሚቆስል እንስሳ ላይ ይገለጣል። በሰላም ተቀምጦ የሚያድግ የሳህን ሕዋስ ብቻውን ይህንን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ኮፊሊን በአንጻሩ ሌላ ታሪክ አለው። ዋናው የኮፊሊን ዓይነት የጎደላቸው የአይጥ ሽሎች ሳይወለዱ እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጆን ኮንዲሊስ ቤተ ሙከራ የተሠራው ጥናት ደግሞ ለሥልቱ ምስጋና ይገባዋል። ተመራማሪዎቹ ታፍኖ የቆየ ኮፊሊንን በአይጠ መጎጥ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ አስገብተው፣ በፈለጉት ቅጽበትና ሥፍራ በብርሃን ፈቱት። ኮፊሊኑ በተለቀቀበት አካባቢ ክፍት ጫፎች በዙ፤ አክቲኑ አደገ፤ ሕዋሱም ወደዚያው አቅጣጫ አዘነበለ። ቀደም ያሉት ሥራዎች የፕሮቲኑን መጠን በመላው ሕዋስ ለቀናት ይቀይሩ ስለነበር ቀጥተኛውን ውጤት ሕዋሱ ለለውጡ ከሰጠው ምላሽ መለየት ያዳግት ነበር። ይህ ሥልት ያንን ችግር በእጅጉ አቃልሏል።

መጠን ወሳኝ መሆኑም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድሪያናንቶአንድሮና ፖላርድ በንጹሕ ፕሮቲኖች ባደረጉት ሙከራ፣ ኮፊሊን ክርን በብርቱ የሚቆርጠው በአነስተኛ ክምችት መሆኑን፣ ክምችቱ ከፍ ሲል ግን መቁረጡ ቀርቶ አዲስ ክር ማስጀመሩ እንደሚያመዝን አሳዩ። እንግዲያው "ኮፊሊን ጨምረን ይህ ሆነ" የሚል ዘገባ ምን ያህል እንደተጨመረ ካልገለጸ ትርጉሙ ጎዶሎ ነው።

ሙሉውና ግማሹ

በ1987ቱ ሙከራ ሕዋሳቱን ድቡልቡል ያደረገው ግማሽ ጄልሶሊን የሰው እጅ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮታኮታና ባልደረቦቹ ሕዋሱ ራሱ ይህንኑ የሚመስል ግማሽ እንደሚሠራ አሳዩ። አፖፕቶሲስ በተሰኘው በሥርዓት በሚካሄድ የሕዋስ ሞት ወቅት፣ ካስፔዝ-3 የተባለው ኢንዛይም ጄልሶሊንን ከመካከሉ ይቆርጠዋል። የሚወጣው የመጀመሪያ ግማሽ ከካልሲየም ቁጥጥር ነፃ ሆኖ አክቲኑን ያለማቋረጥ ይቆርጣል፤ ሕዋሱም ተኮማትሮ ከሳህኑ ይላቀቃል። ጄልሶሊን የሌላቸው አይጦች ኒውትሮፊሎች ይህንን የሞት ገጽታ ዘግይተው እንደሚያሳዩም ተዘግቧል።

በዚያው ዓመት ከጃፓን የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ነገር አቀረበ። ብዙ ሙሉ ጄልሶሊን እንዲይዙ የተደረጉ የሉኪሚያ ሕዋሳት አፖፕቶሲስን ተቋቋሙ። ሁለቱን አርእስቶች ብቻ ያነበበ ሰው አንደኛው ጄልሶሊን ይገድላል፣ ሌላኛው ያድናል እንዳሉ አድርጎ ሊወስድ ይችላል። አንደኛው ስለ ግማሹ፣ ሌላኛው ስለ ሙሉው እንደሚናገር የሚገነዘብ ግን የሥልት ክፍሉን ያነበበ ነው። ጄልሶሊን በአንድ የካንሰር ዓይነት ቀነሰ ወይም ጨመረ የሚሉ ዘገባዎች ሲቀርቡም የሚለካው ሙሉው ነው ወይስ ቁራጩ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ መደምደሚያ ላይ መድረስ አይገባም።

ሳህኑና ቀለሙ

ከላይ ከተጠቀሱት በተለየ መላውን መስክ የሚመለከቱ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው ሕዋሱ የሚያድግበት ወለል ነው። ብርጭቆና ፕላስቲክ ከአብዛኛው የሰውነት ለስላሳ አካል እጅግ የጠነከሩ ናቸው። ሕዋስ በጠንካራ ወለል ላይ ሲጣበቅ ወፋፍራም ስትረስ ፋይበሮችን ይሠራል። በሰውነት ውስጥ እንዲህ ያሉ ጥቅሎች ጎልተው የሚታዩት የደም ግፊትና ፍሰት በሚያርፍባቸው የደም ሥር ውስጠኛ ሕዋሳት፣ እንዲሁም በሚገጥም ቁስል ውስጥ ባሉ ማዮፋይብሮብላስቶች ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ጥናቶች "የሕዋሱ አጽም ተጎዳ" ወይም "ተጠናከረ" ለማለት የሚቆጥሩት እነዚህኑ ጥቅሎች ነው። የስትረስ ፋይበር መጥፋት የአጽሙ መጥፋት አይደለም። ክሮቹ ወደ ጠርዝ ተዛውረው ቀጭን መረብ ሠርተው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ቀለሙ ነው። የአክቲን ክር በአጉሊ መነጽር የሚታየው በአብዛኛው ፋሎይዲን ከተባለው የመርዛማ እንጉዳይ ንጥረ ነገር ጋር በተያያዘ አብሪ ቀለም ነው። ኮፊሊን ክሩን ሲይዝ ጠመዝማዛነቱን ስለሚለውጥ ፋሎይዲን በዚያ ሥፍራ ሊጣበቅ አይችልም። ስለዚህ በኮፊሊን የተሸፈነ ክር እያለ ለተመልካቹ እንደሌለ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 በነርቭ ሕዋሳት ላይ የተሠራ ጥናት ሕዋሳቱ ኃይል ሲያጥራቸው ወይም ሲጨናነቁ የኮፊሊንና የአክቲን በትሮች በቅርንጫፎቻቸው ውስጥ እንደሚፈጠሩና ሥራቸውን እንደሚያውኩ አሳይቷል። እነዚህን በትሮች በፋሎይዲን ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም። ብርሃኑ ደበዘዘ ማለትና ክሩ ተቆረጠ ማለት ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው። የኮፊሊንን ውጤት በፋሎይዲን ብቻ የሚለካ ጥናት ዳኛውንና ተከሳሹን አንድ አድርጎ ያቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሳህን ወደ ሕመምተኛ

ይህ ምርምር ወደ ሕክምና እንዴት እንደተሻገረ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው የአክታ ጉዳይ ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለባቸው ሕመምተኞች አክታ ውስጥ ከሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት የፈሰሱ ዲኤንኤና የአክቲን ክሮች ይገኛሉ፤ አክታውንም ያወፍሩታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄልሶሊን ከሰውነት በወጣ አክታ ላይ ሲጨመር ውፍረቱን እንደሚቀንስ ታየ። ዲኤንኤን የሚቆርጠው ዶርኔዝ አልፋ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ለዚሁ በሽታ ተፈቅዶ ነበር። ጄልሶሊን ግን ያኔ በቱቦ ያሳየው ውጤት ያማረ ቢሆንም ለዚህ በሽታ መደበኛ መድኃኒት አልሆነም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሐሳቡ ብልህነት ሳይሆን በሕመምተኞች ላይ የተደረገው ፍተሻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ አስተማሪ ነው። የፊንላንዱ የዐይን ሐኪም ዮኮ ሜሬቶያ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤተሰብ የሚተላለፍ አንድ የአሚሎይድ በሽታ ገለጸ። ሕመምተኞቹ የኮርኒያ መደብዘዝ፣ የፊት ነርቭ መድከምና የቆዳ መላላት ይታይባቸዋል። በኋላ እንደታወቀው መንሥኤው የጄልሶሊን ዘረ መል ለውጥ ሲሆን፣ በ187ኛው ሥፍራ አስፓርቲክ አሲድ በአስፓራጂን ይተካል። ለውጡ ካልሲየም የሚያዝበትን አንድ ሥፍራ ስለሚያፈርስ፣ ወደ ደም የሚወጣው ጄልሶሊን ገና በመሠራት ላይ ሳለ ፊዩሪን በተባለ ኢንዛይም ይቆረጣል። ቁራጩ ከሕዋስ ውጭ እንደገና ተቆርጦ በየአካሉ አሚሎይድ ሆኖ ይከማቻል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከጄልሶሊን ጋር በተያያዘ በይበልጥ የታወቀው ይህ የሰው በሽታ በሕዋስ ውስጥ ካለው አጽም መቆረጥ የመነጨ አለመሆኑ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቆራጩ ራሱ መቆረጡ፣ ያውም ወደ ደም በሚወጣው ዓይነት ላይ መድረሱ ነው። በሳህን ላይ የፋይብሮብላስትን ስትረስ ፋይበር ስንቱንም ጊዜ ቢቆጥሩ ይህንን በሽታ መተንበይ አይቻልም ነበር። በሽታውን ያገኘው ሕመምተኞቹን በጥንቃቄ የመረመረ ሐኪም ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሒስ የሳህን ሕዋስ ምርምርን ለማጣጣል አይደለም። ያለ እርሱ ጄልሶሊንም ሆነ ኮፊሊን እንዴት እንደሚሠሩ ባልታወቀ ነበር። የ1987ቱን ዝምታ፣ የ1991ዱን ፍጥነትና የ1995ቱን የአይጦች ውጤት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው እያንዳንዱ ጥናት የሌላውን ጉድለት ያሟላል። ስሕተት የሚፈጠረው አንዱ ብቻ ተነጥሎ ሲጠቀስ ነው።

የጤና ባለሙያው ስለ ሕዋስ አጽም አዲስ ዘገባ ሲደርሰው ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይጠቀማል። ፕሮቲኑ ተጨመረ ወይስ ተቀነሰ? መጠኑስ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ካለው ጋር ምን ያህል ይቀራረባል? ካልሲየሙና ሌሎች ተቆጣጣሪዎች በነበሩበት ተጠብቀዋል? ሙሉው ፕሮቲን ነው ወይስ ቁራጩ? ሕዋሱ ያደገበት ወለል ምን ያህል ጠንካራ ነው? ያልታየው ነገር በእርግጥ የለም ወይስ ቀለሙ አላሳየውም? በመጨረሻም በእንስሳና በሰው ላይ ተፈትኗል?

እነዚህን ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሥልት ክፍሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይበቃል። አክታው ለወፈረበት ልጅም ሆነ ደሙ አልቆም ላለው ሕመምተኛ የቤተ ሙከራ ተስፋ የሚነግረው ባለሙያ፣ ያ ተስፋ ከሳህኑ ምን ያህል እንደራቀ ማወቅ ይጠበቅበታል።